አንገቴ ያበጠበት ክረምት

ያን ጊዜ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። እናቴ ግን እስክትሞት ድረስ «አሥራ ሁለት ነው፤ ወልጄሽ እኔ አላውቅም?» እያለች ትከራከረኝ ነበር። እሷ ዕድሜዬን የምትቆጥረው ትልቁ በረዶ ገብሱን ካስተኛበት ዓመት ተነሥታ ነው፤ እኔ ደግሞ ከታናሽ ወንድሜ ክርስትና። ማናችን እንደተሳሳትን ዛሬም አላውቅም። ዘመኑን ግን ሁለታችንም አንስተውም፤ ወሎ የተራበበት፣ በመጨረሻውም ንጉሡ ከዙፋን የወረዱበት ጊዜ ነው።

ቤታችን ከመካነ ሰላም የግማሽ ቀን መንገድ የሚያስኬድ ደጋ ላይ ነበር። ረኀቡ እኛ ዘንድ እንደ ቆላው አልጠናም። ገብሱ ሳሳ፣ ላሟ ነጠፈች፣ እንጀራው በጓያ ተበረዘ እንጂ ጨርሶ ጦማችንን አላደርንም። ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደው አገር ግን ዝናብ ከድቶት ሰዉ ጓዙን እየተሸከመ ሽቅብ ይወጣ ጀመር። አብሯቸው ተስቦ ይወጣል ተብሎ ይፈራ ነበርና፣ የደጋው ሰው ቆሎውን በእጁ እየዘረጋ በሩን በእግሩ ገርበብ ያደርግ ነበር።

በግንቦት አንድ ቀን የአባቴ ታላቅ እህት ከዚያው ከቆላ መጣች። ባሏ ሞቷል፣ ልጅ የላትም፣ ከብቱም አልቋል። ይዛ የመጣችው አንዲት አሮጌ ጋቢና በጨርቅ የተጠቀለለ የአጋም እሾህ ነበር። አክስቴ ነቃሽ ናት። በእሾህና በኩራዝ ጥላሸት የሴቱን አንገት በሐረግ፣ ግንባሩን በመስቀል፣ ድዱን ደግሞ ድፍን አድርጋ የምታጠቁር ባለሙያ ነበረች። ድዷ የጠቆረ ልጅ ስትስቅ ጥርሷ ቦግ ይላል፤ እኛ አገር ከዚያ የበለጠ ጌጥ አልነበረም።

እናቴ ደግ ሴት ናት፤ ዳሩ ግን እንግዳ ሲሰነብትባት ዕቃ ማንኳኳት ታበዛለች። ያን ክረምት ቤታችን ውስጥ ድስቱና ማሰሮው ሲንኳኳ ነው የከረመው። አክስቴም ነገሩ ገብቷታል። በምትበላው ልክ ለቤቱ አንድ ነገር ማምጣት ፈለገችና የሰፈሩን ልጃገረዶች ለመንቀስ ተነሣች፤ እናቶቻቸው ደግሞ ባቄላም ይሁን ገብስ ያላቸውን ይሰጧታል። ደንበኛ ለመሳብ ግን ማሳያ ያስፈልጋታል። ማሳያው እኔ ሆንኩ።

ጭንቅላቴን ጭኗ ላይ አጋድማ፣ ከንፈሬን በአውራ ጣቷ ገልብጣ፣ ድዴን ጥቅጥቅ አድርጋ ወጋችኝ። ከኋላ፣ መንጋጋዬ ጋ ስትደርስ ሕመሙ አንጎሌ ድረስ ዘለቀና ዘልዬ ተነሣሁ።

«ኧረ ረጋ በይ፣ የኔ ዓለም! የቆላ ልጆች እንኳ እንዳንቺ አልዘለሉብኝም» አለችኝና መልሳ አጋደመችኝ።

ለጥቂት ቀን አጥሚት እየጠጣሁ ሰነበትኩ። ከዚያ በኋላማ ሰው በመጣ ቁጥር «እስቲ ሳቂላቸው» ትለኛለች፤ የሚያስቅ ነገር ሳይኖር እገለፍጣለሁ። ልጃገረዶቹም አንድ በአንድ መጡ። ቤታችንም ባቄላ ገባ፤ የድስቱም ድምፅ ትንሽ ቀነሰ።

ይኸው እንዲህ ደህና በሆንበት ሰዓት ነው፣ አንድ ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ከቀኝ አገጬ ሥር አንድ ነገር እጄ ላይ ድብልብል ያለብኝ። ሲነኩት ያማል። ለእናቴ አሳየኋት። ዳሰሰችውና መልሳ ዳሰሰችው። ንፍፊት ብሽሽት ወይም ብብት ሥር ቢወጣ ማንም አይደነግጥም፤ «ምን ወጋሽ? እግርሽን እንቅፋት መታሽ?» ተብሎ ይታለፋል። አንገት ላይ ሲወጣ ግን ሰው ስሙን ለመጥራት እንኳ ይፈራል። ከወንዙ ማዶ አንገቱ እያበጠ፣ እየፈረጠ፣ እየመገለ ዓመት ሳይሞላው የተቀበረ ጎረምሳ ነበር። ነቀርሳ፣ ያው ሳንባ የሚበላው ተላላፊ በሽታ፣ ነው ተብሎ ዕቃው ሁሉ ተቃጥሏል።

ወሬው በአንድ ቀን ሰፈሩን አዳረሰ። እኛ አገር ያበጠ ነገር ያለበት ሰው ሳይዳሰስ አይታለፍም። የመጣው ሁሉ ይጫነኛል። አንዷ በአውራ ጣቷ፣ አንዱ በሁለት ጣቱ ቆንጠር አድርጎ፣ ሌላዋ ትናንት ከዳሰሰችው አድጎ እንደሆነ ለማየት ዛሬም ተመልሳ። ጎረቤታችን የሼሁ ሚስት ብቻ «አላህ ያሽርሽ» ብላ እጇን ትሰበስብ ነበር።

አክስቴ ግን አልፈራችም። አይታ አይታ «ይኼማ እንቅርት ሊጀምራት ነው» አለች። «እንቅርት ገና በጥንስሱ ሲነቀሱበት ይመለሳል። እኔ ስንቱን መልሻለሁ።» እውነቷን ነው፤ በዚያ ዘመን ብዙ ሴት አንገቷን የምትነቀሰው ለጌጥም፣ እንቅርት እንዳይወጣባትም ነው። በዚያው በእሾኋ እብጠቱን ዙሪያውን ቀለበት አድርጋ ነቀሰችልኝ። እናቴም ከኩራዙ ጥላሸቱን እየፋቀች ታቀብላት ነበር።

ከዚያ ባሰብኝ። ቀለበቱ ቀልቶ ተቆጣ፤ አንዱ እብጠት ሦስት ሆነ፤ ማታ ማታ ትኩሳት ያዘኝ። ሰፈሩም አሁን በሹክሹክታ ሳይሆን በግልጽ ያወራ ጀመር። «ከቆላ የመጣ ነቀርሳ ነው። ሴትዮዋ ናት ያመጣችው። ልጆቻችንንም ነክታቸዋለች እኮ!» ባቄላ የሰጡት ሴቶች በደጃችን ሲያልፉ ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው ይስቡ ነበር።

የአጅባርን መንገድ ይዞ ሲኬድ አንገት የሚተኩሱ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። የማጭድ ጫፍ አግለው እብጠቱ ላይ ያሳርፋሉ። አባቴ ወደ እሳቸው ሊወስደኝ ቆርጦ፣ በቅሎ ሊዋስ ሼሁ ቤት ሄደ። ሼሁ ደረሳ የሚሏቸውን ልጆች ሰብስበው ቁርኣን የሚያስቀሩ ሰው ናቸው። በቅሎዋን ከመስጠታቸው በፊት እኔን ለማየት እቤታችን ድረስ መጡ።

«ለምንድን ነው የቸኮልከው?» አሉት አባቴን።

«ሳይፈርጥ ላስተኩስ ብዬ ነዋ፣ ሼህ።»

«ወላሂ፣ አንዱ ደረሳዬ አንገቱን ተተኩሶ ይኸው ዛሬም ወደ ጎን እያየ ነው የሚቀራው። ኪታቡን ከፊቱ ሳይሆን ከትከሻው ላይ ነው የማስቀምጥለት። ብረቱ የትም አይሄድም፣ ይቆያችኋል። መጀመሪያ ክሊኒክ አሳያት።»

እኔ በትኩሳት ውስጥ ሆኜም ቢሆን ያ ወደ ጎን የሚያየው ደረሳ ታየኝና ሳቄ መጣ። እናቴ ግን አልሳቀችም። ሼሁ እንደወጡ አክስቴ እዚያው ተቀምጣ እያለች፣ ወደ አባቴ ዞራ ተናገረች።

«ክሊኒክ እወስዳታለሁ። ነቀርሳ ነው ካሉኝ ግን እህትህ ከዚህ ቤት ይወጣሉ። ሌላ ልጅም አለኝ።»

መልስ የሰጠችው አክስቴ ናት። «ነቀርሳ ከሆነ ሳትነግሪኝ እወጣለሁ፣ እመቤቴ» አለች። ጋቢዋንም አጣጥፋ ከእሾሁ ጋር አሠረችው። የት እንደምትሄድ የጠየቃት የለም። መሄጃም አልነበራት። ወደ ቆላ የሚወርድ ሰው በዚያ ክረምት አላየንም።

በነጋታው ሦስታችን ተነሣን። አባቴ ከወንድሜ ጋር ቤት ቀረ። መስከረም የባተ ሰሞን ስለሆነ መንገዱ ገና ጭቃ ነው። እናቴና አክስቴ ተኳርፈዋል፤ የሚነጋገሩት በእኔ በኩል ነው።

«ለአክስትሽ ንገሪያቸው፤ በዚያ በኩል ያንሸራትታል በያቸው።»

«እናትሽን በያት፤ ዓይን አለኝ።»

አንገቴን ማዞር ስለማልችል መልእክቱን የማደርሰው መላ ሰውነቴን እንደ በር ወዲያና ወዲህ እያዞርኩ ነበር።

መካነ ሰላም ስንደርስ የክሊኒኩ ግቢ ጢም ብሎ ሞልቷል። የሚበዛው ከቆላ የወጣ ሰው ነው። ተራ ይዞ የተቀመጠው ሁሉ ግን ዓይኑ በመስኮቱ ላይ በቆመች ራዲዮ ላይ ነበር። አንዱ ወጣት ዘሎ ወጥቶ «ንጉሡ ወረዱ!» ብሎ ጮኸ። ግማሹ አጨበጨበ፣ ግማሹ አማተበ፤ አንዲት አሮጊት «ማንን ነው የሚያወርዱት? እሳቸው ደግሞ ይወርዳሉ?» እያለች ከሰው ሰው ትዞራለች። እናቴ ክንዴን አንቃ ይዛ ሰዉን እየገፋች ወደ በሩ ተጠጋች።

«ቆይ እንጂ እማማ፣ ታሪክ እየሰማን ነው!» አላት በሩ ላይ የቆመው።

«እኔ ንጉሥ ይውረድ ይውጣ አላውቅም። የልጄ አንገት ይውረድልኝ!»

ሰዉ ሳቀ፤ ከሳቁ ጋርም መንገድ ለቀቀልን።

ድሬሰሩ፣ ማለትም ቁስል የሚያጥበውና መርፌ የሚወጋው የጤና ረዳት፣ ቁልፉ የጎደለ ነጭ ካፖርት የለበሰ ወጣት ነው። ሁሉም ዶክተር ይለዋል፤ እሱም «አይደለሁም» እያለ ማረሙ ደክሞት ትቶታል። አንገቴን በጣቶቹ ጫፍ ቀስ ብሎ፣ ሰፈሩ ሁሉ እንደሚጫነኝ ሳይሆን፣ ዳበስ ዳበስ አደረገው። ከአገጬ ሥር ጀመረ፤ ወደ ጆሮዬ ጀርባ ሄደ፤ ከትከሻ አጥንቴ በላይ ባለው ጉድጓድ ቆየ፤ ብብቴንም አየ። ሹሩባዬን ገለጥ ገለጥ አድርጎ ራሴ ላይ ቁስል ፈለገ።

«ያማል?»

«በጣም።»

«ጥሩ» አለ። እናቴ ደነገጠች። ማመም ምኑ ነው ጥሩ?

«ከጀመረ ስንት ጊዜው ነው? ታስላለች? ማታ ልብሷን የሚያርስ ላብ ያልባታል?»

ትኩሳት እንጂ ላብም ሳልም የለባትም አለችው እናቴ።

«ከስታለች?»

ይኼን ጊዜ እናቴ ቀና ብላ አየችው። «ልጄ፣ በዚህ ዓመት ያልከሳ ማን አለ? አንተስ ራስህ?»

ድሬሰሩ የራሱን ካፖርት አየና ፈገግ አለ። «እሱ ነው እኮ የቸገረኝ። በደህና ዓመት ክሳት ብዙ ይነግረኝ ነበር፤ ዘንድሮ ምንም አይነግረኝም። በይ አፍሽን ክፈቺ።»

ከፈትኩ። ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረኝና ከንፈሬን ገለበጠ። ከዚያ «ይህችን ልጅ ማን ነው የነቀሳት?» አለ፤ ድምፁ ተለውጧል።

አክስቴ ከበሩ አጠገብ ቆማለች። ነጠላዋን በጥርሷ ነክሳ ይዛለች። እኔ እናቴን አየሁ፤ ክረምቱን ሙሉ በድስት ስታንኳኳ የከረመችውን ነገር አሁን በአፏ የምታወጣበት ቦታ አግኝታለችና። እናቴ ግን፣

«እኔ ነኝ ያስነቀስኳት» አለች። «አገራችን ልማድ ነው። እኔም ተነቅሻለሁ፤ ይኸው» ብላ ድዷን አሳየችው።

ድሬሰሩ ጥቂት አጉረመረመና ቀጭን መቆንጠጫ ከአልኮል ውስጥ አወጣ። መንጋጋዬ ጋ ያለውን ድዴን ሲነካው መግል ወጣ፤ ቀጥሎም አንድ ጥቁር፣ የገብስ ጭራ የምታክል ነገር ስቦ መዳፉ ላይ አኖረ። የእሾህ ጫፍ ነው። ዘልዬ በተነሣሁ ጊዜ ተሰብሮ ድዴ ውስጥ የቀረ።

እናቴ ጎንበስ ብላ አየችው። አክስቴም ከበሩ ሥር መጥታ አየችው፤ እጇንም አፏ ላይ ጫነች።

«ነቀርሳ አይደለም?» አለች እናቴ።

«አሁን እንደማየው አይደለም። ንፍፊት ነው። ንፍፊት ራሱ በሽታ አይደለም፤ በሽታ መግባቱን የሚናገር ነው። እግር ሲቆስል ብሽሽት፣ እጅ ሲቆስል ብብት፣ አፍና ጥርስ ሲቆስል ደግሞ እዚህ አገጭ ሥር ያብጣል። ራስ ላይ ቆረቆር ቢኖራት ኖሮ ከጆሮዋ ጀርባ ባበጠ ነበር። ጉንፋንም፣ የጉሮሮ ሕመምም ያመጣዋል።»

«እና በላዩ ላይ የነቀስናት ቀለበትስ?» አለች እናቴ።

«እሱ ሌላ ቁስል ሆነና ጓደኞቹን ጠራቸው።»

አክስቴ ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች። «ዶክተር፣ ነቀርሳ ቢሆን ኖሮ በምን ያውቁት ነበር?» ሰው ስታከብር እንዲህ ናት፤ ልጇ ሊሆን በሚችል ዕድሜ ያለውንም አንቱ ትላለች። አጠያየቋ የእልህ አልነበረም፤ የባለሙያ አጠያየቅ ነው። ድሬሰሩም ጣቱን አንገቴ ላይ እያደረገ አሳያት። ይኼ ለስለስ ብሎ ከጣት ሥር ይሸሻል፣ ሲነኩትም ያማል፤ የሚያሳስበው እንደ ድንጋይ የጠነከረው፣ ሲገፉት ንቅንቅ የማይለው፣ ሳያም ዝም ብሎ የሚያድገው ነው። ከትከሻ አጥንት በላይ በጉድጓዱ ውስጥ ከወጣ ትንሽም ቢሆን አትናቁት አላት። ሳል ከሰነበተ፣ የሌሊት ላብ ካለ፣ ማታ ማታ ትኩሳቱ ለብዙ ጊዜ ካልተወ፣ ወይም ሳምንት አልፎ ሳምንት ሲመጣ እብጠቱ ካልቀነሰ፣ እዚህ አምጡ።

«ይህችንም ልጅ ከሁለት ሳምንት በኋላ ልያት። ካልጎደለላት ደሴ ሆስፒታል እልካታለሁ። መዋጥ ወይም መተንፈስ ካቃታት ግን ሁለት ሳምንት አትጠብቁ፤ ያኑ ቀን ተሸክማችሁ አምጧት።»

ከዚያ ፔኒሲሊን ወጋኝ፤ ለተከታዮቹ ቀናትም በከተማው ዘመድ ቤት እያደርን እንድንመላለስ፣ አፌንም በጨው ውኃ እንድጉመጠመጥ አዘዘ። በመጨረሻም «ማንም እንዳይነካው። ሲጫኑት አይድንም» አለ።

መርፌው አልቆ ወደ ቤት ስንመለስ ከከተማው ወጥተን ሜዳው ላይ ደረስን። እናቴ በቀጥታ፣ ያለ እኔ አማላጅነት፣ ወደ አክስቴ ዞረች። እስከዚያ ቀን የባሏ ታላቅ እህት ናትና አንቱ ነበር የምትላት።

«አንቺ ሴትዮ! እሾህ ስትሰብሪ አታዪም? ዓይንሽ የት ነበር? ልጄን እኮ በማጭድ ልታስጠብሺያት ነበር!»

«አንቺስ ጥላሸቱን ስታቀብዪኝ እጅሽ የት ነበር?» አለቻት አክስቴ።

ሁለቱም ቆሙ። ከዚያ እናቴ ሳቀች፤ አክስቴም ሳቀች፤ እየሳቁ ደግሞ ያለቅሱ ነበር። እስከ ቤታችን ድረስ እየተሰዳደቡ ሄዱ። እንደዚያ በደስታ ስድብ ሲወርድ ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ ወዲያ እናቴ አክስቴን አንቺ እንዳለቻት ቀረች።

ሁለቱን ሳምንት እናቴ ዘበኛ ሆነችብኝ። የሚጠይቀኝ ሁሉ ገና እጁን ሲሰነዝር «እጅህን! በዓይንህ ጠይቃት!» ትላለች። አባቴን እንኳ አንድ ቀን እጁን በማንኪያ መታችው። ትኩሳቱ መጀመሪያ ጠፋ፤ ቀጥሎ ቀለበቱ ደረቀ፤ ከሦስቱ እብጠት ሁለቱ በየት እንደሄዱ አላወቅንም። ድሬሰሩ ጋ ስንመለስ አንዲት የባቄላ ፍሬ የምታህል ብቻ ቀርታ ነበር። ሳትጠፋ ብዙ ጊዜ ልትቆይ እንደምትችል፣ ካላደገች ግን ምንም እንደማታደርገኝ ነገረን። እናቴ እጁን ሳመችው። እሱ እጁን ነጠቀና «ጨውዋን እንዳትረሳ» አለ።

ፊደል የቆጠርኩት ከዚያ በኋላ፣ የመሠረተ ትምህርት ሲመጣ ነው። ስለ ጤና የሚያወራ ወረቀት እጄ ሲገባ ሁልጊዜ ስለ ንፍፊት ይናገር እንደሆነ እፈልጋለሁ። ያነበብኩት ሁሉ ያ ወጣት ለአክስቴ በጣቱ ካሳያት ብዙም አልራቀም።

ያኔ መርፌዬ አልቆ ቤት እንደገባን፣ አክስቴ የታሠረውን ጋቢዋን ፈታች። በማግሥቱም ጨው በጨርቅ ቋጥራ ያን ክረምት የነቀሰቻቸውን ልጃገረዶች ቤት ለቤት ለማየት ወጣች። ከአንዳንዱ ቤት ገና ከአጥር አባረሯት፤ በሌላ ቀን ተመልሳ ሄደች። የእያንዳንዷን አፍ በፀሐይ እያየች፣ አንገታቸውን በጣቷ ጫፍ እየዳበሰች፣ በጨው እንዲጉመጠመጡ ለእናቶቻቸው አሳየች። የሌሎቹ ድድ ደህና ነበር። ከወንዙ አጠገብ የምትኖረው ልጅ ግን ከትከሻ አጥንቷ በላይ ጠንካራ፣ የማያም እብጠት ተገኘባት። ልጅቱ ከመነቀሷ አስቀድሞ ጀምሮ ትስል ነበር፤ ሌሊትም መደቧ በላብ ይርስ ነበር። አባቷ «በእህል እጦት ነው» ብሎ አልወስድም ሲል፣ አክስቴ ራሷ እጇን ይዛ መካነ ሰላም ወሰደቻት። ድሬሰሩ ወደ ደሴ ላካቸው። በጭነት መኪና ሄዱ። ነቀርሳ ነበር። መርፌው እስኪያልቅ ድረስ አክስቴ ሆስፒታሉ አጠገብ ለሰው እህል እየፈጨች አስታመመቻት፤ የቀረውን ኪኒን ይዘውም በፋሲካ ሰሞን ሁለቱም ተመለሱ። አክስቴ ልጅቱን ለእናቷ አስረክባ ወደ ቤታችን መጣች፤ ጋቢዋንም መደቡ ላይ ዘርግታ ተኛች።